የትኛው ሽመላ? የረግረጉ ባለ ጉትቻ ወፍና የመስኖ ዕቅዳችን

በቅርቡ የውኃ ምሕንድስና ባለሙያ የሆነ ወዳጄ የአንድ አነስተኛ የመስኖ ፕሮጀክት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሰነድ እንድመለከትለት ሰጠኝ፡፡ ሰነዱ ከሰማንያ ገጽ በላይ ነው፡፡ ስለ ፓምፑ አቅም፣ ስለ ቦዩ ርዝመት፣ ስለ ካሳ ክፍያና ስለ ሥራ ዕድል በዝርዝር ይተነትናል፡፡ ስለ አዕዋፍ የተጻፈው ግን ሦስት መስመር ብቻ ነው፡፡ በአካባቢው ሽመላ፣ ዳክዬና ጋጋኖ በብዛት እንደሚታዩ ይገልጽና ፕሮጀክቱ በእነዚህ ላይ የጎላ ጉዳት እንደማያደርስ ጠቅሶ ወደ ቀጣዩ ርዕስ ያልፋል፡፡ የጥናት ቡድኑ ቦታውን የጎበኘው በጥር ወር ለሁለት ቀናት ነበር፡፡

ወዳጄን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁት፡፡ የትኛው ሽመላ?

ሳቀ፡፡ በእርግጥም ጥያቄው የሥራ ፈት ይመስላል፡፡ አገር በዳቦ ዋጋ፣ በውጭ ምንዛሪና በጸጥታ ጉዳይ ተወጥራ ባለችበት ወቅት ስለ አንድ ወፍ ዓይነት መከራከር ቅንጦት ነው የሚሉ ይኖራሉ፡፡ ይሁንና የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ከዚህ የተለየ ነው፡፡ በዚያ ሰነድ ላይ ሽመላ በሚል አንድ ቃል የተጠቃለሉት ወፎች ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ዝርያዎች ሊሆኑ ይችላሉ፡፡ አንደኛው በዓለም ላይ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ የሆነ፣ ቁጥሩም እየጨመረ ያለ ነው፡፡ ሌላኛው በመላው ዓለም ከአሥር ሺህ በታች፣ በአገራችን ደግሞ ጥቂት መቶዎች ብቻ የቀሩ ናቸው፡፡ የመጀመሪያው ብዛት የሁለተኛውን እጥረት ይሸፍነዋል፡፡ "በብዛት ይታያሉ" የሚለው ሐረግ እውነት ሆኖ ሳለ ሊያሳስት የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው፡፡

ረጅም እግር ያለው ሁሉ

በከተማ የምንኖር ሰዎች ረጅም እግርና ረጅም አንገት ያለውን ወፍ ሁሉ ሽመላ ብለን እናልፋለን፡፡ በሐዋሳ ዓሣ ገበያ ከሰው ጋር የሚጋፋው አባ ኮዳ ብቻ በመልኩ አስከፊነት የራሱ ስም ተርፎታል፡፡ በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገርበትን ቤተሰብ ከሌሎቹ ለመለየት ክሬን የሚለውን የውጭ ቃል ለመጠቀም እገደዳለሁ፡፡ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ክሬን ሲባል መጀመሪያ የሚታየው በየግንባታው አናት ላይ የሚሽከረከረው ብረት መሆኑን አልዘነጋሁም፡፡ ግን ስሙን የወሰደው ማሽኑ ከወፉ እንጂ ወፉ ከማሽኑ አይደለም፡፡

ለመሆኑ ክሬን በምን ይለያል? አንዱ መለያ አበራረሩ ነው፡፡ በየኩሬው ዳር ብቻውን ቆሞ ዓሣ የሚጠብቀው ወፍ ሲበር አንገቱን አጥፎ ወደ ትከሻው ይሰበስባል፡፡ ክሬን ግን አንገቱን ወደ ፊት፣ እግሩን ወደ ኋላ እንደ ቀስት ዘርግቶ ነው የሚበረው፡፡ አባ ኮዳን ከመሳሰሉት ወፍራም መንቁር ካላቸው ዘመዶቹ ደግሞ የሚለየው መንቁሩ ከራሱ ጋር ሲነጻጸር አጠር ያለ በመሆኑና ሲቆም ከኋላው ጅራት የሚመስል ረጅምና ለስላሳ ላባ ስለሚንዠረገግ ነው፡፡ ያ ላባ ጅራቱ አይደለም፤ የክንፉ የውስጠኛ ላባ ነው፡፡ ድምፁም ሌላ ምልክት ነው፡፡ የክሬን ጩኸት ከኪሎ ሜትሮች ርቀት ይሰማል፡፡

በዓለም ላይ 15 የክሬን ዝርያዎች አሉ፡፡ በአገራችን በመደበኛነት የሚታዩት ሦስት ናቸው፡፡ ከሱዳን ሜዳዎች የሚሻገር አንድ ትንሽ ዝርያ አልፎ አልፎ በምዕራቡ ክፍል ቢታይም እሱን ለጊዜው እንለፈው፡፡

የመጀመሪያው እንግዳው ነው፡፡ ግራጫ ገላ፣ ጥቁርና ነጭ አንገት፣ አናቱ ላይ አነስተኛ ቀይ ነጥብ ያለው ይህ ወፍ ከሰሜን አውሮፓና ከሩሲያ ተነስቶ ክረምቱን ለማሳለፍ ወደ እኛ ይመጣል፡፡ ጥቅምት ማብቂያ ላይ ይደርሳል፣ እስከ የካቲትና መጋቢት ይቆያል፡፡ በጣና ዙሪያ በአሥር ሺዎች ይሰፍራል፡፡ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ቅርብ የሆነው ቦታ ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው ጨለለቃ ነው፡፡ በታኅሣሥ አመሻሽ ላይ ከእርሻው ወደ ውኃው ሲመለሱ ሰማዩን ሞልተው የሚያሰሙት ድምፅ አንዴ የሰማው ሰው የሚረሳው አይደለም፡፡ ይህ ዝርያ የወደቀ እህልና ጥራጥሬ እየለቀመ ከገበሬው ጋር መኖርን የለመደ ነው፡፡ በአውሮፓ ጥበቃ ስለተደረገለት ካለፉት አርባ ዓመታት ወዲህ ቁጥሩ ጨምሯል፡፡

ይህ ማለት ግን አደጋ አያገኘውም ማለት አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ በእስራኤል ሁላ ሸለቆ የወፍ ጉንፋን ከአምስት ሺህ በላይ ክሬኖችን በሳምንታት ውስጥ ገድሏል፡፡ ያ ሸለቆ ደግሞ በሳተላይት መከታተያ እንደታየው ወደ ኢትዮጵያ የሚመጡት የሚያልፉበት መንገድ ነው፡፡ ሁላ ለእኛ ሌላም ትምህርት አለው፡፡ እስራኤል በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ረግረጉን ለእርሻና ለወባ መከላከያ ብላ አደረቀችው፡፡ አፈሩ ተቃጠለ፣ ሰመጠ፤ በ1990ዎቹ ከፊሉን መልሳ በውኃ ለመሙላት ተገደደች፡፡ ዛሬ ክሬኖቹ በሺዎች ተጨናንቀው የሚያድሩት በዚያች ቁራጭ ውኃ ላይ መሆኑ ለበሽታው መስፋፋት የራሱን ድርሻ ሳያበረክት አይቀርም፡፡

ሁለተኛው ባለ ዘውዱ ነው፡፡ ጥቁር ገላ፣ ነጭ ክንፍ፣ ቀይና ነጭ ጉንጭ፣ አናቱ ላይ ደግሞ እንደ ደረቀ ሣር የቆመ ወርቃማ ዘውድ ያለው በመሆኑ ከማንም ጋር አይምታታም፡፡ የዩጋንዳ ባንዲራ ላይ ያለው የቅርብ ዘመዱ ሲሆን፣ የእኛው ግን አንገቱ ጥቁር ነው፡፡ በጣና፣ በጅማ ዙሪያ ረግረጎች፣ በጋምቤላም ይገኛል፡፡ ከክሬኖች ሁሉ ዛፍ ላይ ማደር የሚችሉት እነዚህ ባለ ዘውዶቹ ብቻ ናቸው፡፡ የኋላ ጣታቸው ረጅም ስለሆነ ቅርንጫፍ መጨበጥ ይችላል፡፡ ስለዚህም መንደር አጠገብ ባለ ትልቅ ዛፍ ላይ ያድሩና ጠዋት ወደ ረግረጉ ይወርዳሉ፡፡ በምዕራብ አፍሪካ ለቤት ጌጥነት እየተያዙ ሲሸጡ ቁጥራቸው ክፉኛ ተመናምኗል፡፡ በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት ተጋላጭ ተብለው ከተመደቡ ቆይተዋል፡፡

ሦስተኛው የዛሬው ርዕሳችን ነው፡፡

ባለ ጉትቻው

በቁመት ከአፍሪካ ክሬኖች ሁሉ ይበልጣል፡፡ እስከ 175 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ይህ የአንድ ጎልማሳ ሰው ቁመት ነው፡፡ በዓለምም የሚበልጠው የእስያው ሳሩስ ክሬን ብቻ ነው፡፡ አንገቱና ደረቱ በረዶ የመሰለ ነጭ፣ ጀርባው አመድማ፣ ሆዱ ጥቁር ነው፡፡ ፊቱ ላይ ላባ የሌለው ቀይና ሻካራ ቆዳ ከመንቁሩ ሥር ተነስቶ ወደ ታች ይወርዳል፡፡ ከአገጩ ሥር ደግሞ ነጭ ላባ የለበሱ ሁለት ቆዳዎች እንደ ጉትቻ ይንጠለጠላሉ፡፡ ስሙን ባለ ጉትቻ ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው፤ የተሻለ የአገር ቤት ስም ያለው አንባቢ ካለ በደስታ እቀበላለሁ፡፡ በነገራችን ላይ ጠዋት ጠዋት በአዲስ አበባ ግቢዎች የሚያስካካው ጋጋኖም ጉሮሮው ላይ ትንሽ እንጥልጥል አለው፡፡ ግን እሱ ጥቁር፣ መንቁሩ ቆልማማ፣ ቁመቱም ከዶሮ ብዙም የማይርቅ ነው፡፡

ባለ ጉትቻው አብዛኛው የሚኖረው በዛምቢያ፣ በቦትስዋና የኦካቫንጎ ዴልታና በሞዛምቢክ የዛምቤዚ ዴልታ ነው፡፡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በዛምቢያ ብቻ ይገኛል፡፡ የኢትዮጵያዎቹ ከዚያ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው፣ ከቀሪዎቹ ተነጥለው በደጋው ላይ የቀሩ ናቸው፡፡ በባሌ ተራሮች ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ይራባሉ፡፡ በጣና ደቡባዊ ዳርቻ፣ በሐድያ ዞን ቦዮ ረግረግ፣ በጅማ አካባቢም ይታያሉ፡፡ እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፡፡ የእኛዎቹ ቢጠፉ ከዛምቢያ መጥቶ ቦታቸውን የሚተካ አይኖርም፡፡ እንግዳው ክሬን በየዓመቱ ከአውሮፓ ይመጣል፤ ባለ ጉትቻው ከየትም አይመጣም፡፡

አንድ እንቁላል፣ አምስት ወር

የዚህን ወፍ ችግር ለመረዳት የመራቢያ ሒሳቡን ማወቅ ያስፈልጋል፡፡ ከክሬኖች ሁሉ ዝቅተኛ የመራባት አቅም ያለው እሱ ነው፡፡ ብዙ ጊዜ አንድ እንቁላል፣ አንዳንዴ ሁለት ይጥላል፡፡ ሁለት ከሆነም የመጀመሪያው ጫጩት እንደተፈለፈለ ወላጆቹ ሁለተኛውን እንቁላል ትተውት ይሄዳሉ፡፡ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የጥበቃ ባለሙያዎች ይህን ዕድል ተጠቅመው የሚተወውን ሁለተኛ እንቁላል እየሰበሰቡ፣ ጫጩቶቹን ክሬን የሚመስል ልብስ በለበሱ ሰዎች አማካይነት ያሳድጋሉ፡፡ ወጪው ግን ከባድ ነው፡፡ ለእኛ እዚያ ሳይደረስ ረግረጉን ባለበት ማቆየት እጅግ ርካሹ መንገድ ይመስለኛል፡፡

እንቁላሉ ከ33 እስከ 36 ቀናት ይታቀፋል፡፡ ጫጩቱ መብረር የሚችለው ደግሞ ከሦስት እስከ አራት ወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው፡፡ ይህ ከክሬኖች ሁሉ ረጅሙ ነው፡፡ ሲደመር አምስት ወር ገደማ ይሆናል፡፡ በኢትዮጵያ እንቁላል የሚጣለው ከግንቦት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው፡፡ ስለዚህ መብረር የማይችለው ጫጩት በረግረጉ ውስጥ በእግሩ የሚንከራተተው ክረምቱን ሙሉና ከዚያም እስከ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ አንዳንዴም እስከ ጥር ነው ማለት ነው፡፡

ጎጆው ጥልቀት በሌለው ውኃ መካከል የሚሠራ የሣርና የቄጠማ ክምር ነው፡፡ ወላጆቹ በዙሪያው ያለውን ሣር ስለሚነቅሉ ጎጆውን ውኃ እንደ ቦይ ይከበዋል፡፡ ያ ውኃ አጥሩ ነው፡፡ ውኃው ከቀነሰ ውሻና ቀበሮ በእግራቸው ሄደው ይደርሱበታል፤ ከጨመረ ደግሞ እንቁላሉ ይሰጥማል፡፡ ምግቡ ራሱ ከዚያው ነው፡፡ በዋናነት ከጭቃው ውስጥ የቄጠማና የመሰል ተክሎችን ሥር በመንቁሩ እየቆፈረ ይበላል፤ ቀንድ አውጣ፣ እንቁራሪትና ነፍሳትም ይጨምራል፡፡ ጭቃው ከደረቀ መንቁሩ አይገባም፡፡

እንግዲህ ወደ ወዳጄ ሰነድ እንመለስ፡፡ የጥናት ቡድኑ የሄደው በጥር ነው፡፡ በጥር ወር በአገሪቱ ረግረጎች ላይ የሚታየው የእንግዳው ክሬን መንጋ ነው፡፡ ብዙ፣ ጫጫታ ያለው፣ ዓይን የሚሞላ፡፡ ባለ ጉትቻው ጎጆ የሠራበት ወቅት አልፏል፤ ጥንዶቹ ልጃቸውን ይዘው ከሩቅ ቆመዋል፣ ወይም ሰው ሲቀርብ ተነስተው ሄደዋል፡፡ አንድ ጥንድ በአሥር ሺህ ወፍ መካከል ማን ያያል? በክረምት መኪና ስለማይገባ የሚሄድ የለም፡፡ የአበል ደንቡና የመንገዱ ጭቃ ተባብረው ጥናቱን ወደ በጋ ይገፉታል፡፡ ውጤቱም ዝርያው በሚራባበት ወቅት ያልታየ፣ በማይራባበት ወቅት ደግሞ ከሌላ ጋር የተቀላቀለ ይሆናል፡፡

በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚደረገው የውኃ አዕዋፍ ቆጠራም በጥር ነው የሚካሄደው፡፡ ለስደተኞቹ ትክክለኛ ጊዜ ነው፡፡ ለነዋሪው ግን የመራቢያ መረጃ አይሰጥም፡፡

ብዙ ውኃ ማለት ረግረግ ማለት አይደለም

በመሥሪያ ቤቶቻችን ዘንድ የተለመደ አንድ አስተሳሰብ አለ፡፡ ውኃ እስካለ ድረስ የውኃ ወፍ አይቸገርም የሚል ነው፡፡ ግድብ ሲሠራ እንዲያውም ወፎች ይጨምራሉ ይባላል፡፡ ዳክዬና ዓሣ አዳኝ ወፎች በእርግጥ ሊጨምሩ ይችላሉ፡፡ ለባለ ጉትቻው ግን ጥልቅ ውኃ ከደረቅ መሬት ብዙም አይሻልም፡፡ የእሱ ዓለም ከጉልበት በታች የሆነ፣ በዝግታ የሚመጣና በዝግታ የሚሄድ ውኃ ነው፡፡

ለአብነት ያህል እ.ኤ.አ. በ1973 የተገደበውን ፊንጫን ማንሳት ይቻላል፡፡ ግድቡ ኤሌክትሪክ ሰጥቷል፤ የስኳር እርሻውም በኋላ ተከትሏል፡፡ ከሥሩ የዋጠው ግን የጮመንን ሰፊ ረግረግ ነበር፡፡ በካርታ ላይ ሲታይ አካባቢው የበለጠ ውኃማ ሆኗል፡፡ ረግረጉ ግን ሐይቅ ሆኗል፡፡

ከእኛ ርቆ ያለው ማስረጃ ይበልጥ ግልጽ ነው፡፡ በዛምቢያ ካፉዌ ወንዝ ላይ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሁለት ግድቦች ከተሠሩ በኋላ በመካከላቸው ያለው ሰፊ ሜዳ የጎርፍ ጊዜው ተዛባ፡፡ በ1974 በሞዛምቢክ ካሆራ ባሳ ሲሞላ በታችኛው የዛምቤዚ ዴልታ ተመሳሳይ ነገር ሆነ፡፡ ተመራማሪዎች እንዳስተዋሉት ክሬኖቹ ወዲያው አልሞቱም፤ ረጅም ዕድሜ ያላቸው ወፎች ናቸውና፡፡ የሆነው ጎጆ የሚሠሩት ጥንዶች መቀነስ ነው፡፡ ጎርፉ ሲመጣ ውኃው ከፍ ብሎ ከዚያ ቀስ እያለ መውረዱ ለወፉ እንቁላል የመጣያ ምልክት ነው፤ ምልክቱ ሲጠፋ ዓመቱን ሳይራባ ያሳልፋል፡፡ ለተመልካች ግን ወፎቹ አሁንም አሉ፡፡ በቆጠራ ላይ ይገኛሉ፡፡ የሚቆጠሩት ግን እያረጁ ያሉ ወፎች ናቸው፡፡

ይህን ነጥብ ደግሜ ላጠናክረው እወዳለሁ፡፡ ረጅም ዕድሜ ያለውና በዓመት አንድ ልጅ ለማሳደግ የሚቸገር ፍጡር መጥፋት የሚጀምረው ከመታየቱ ብዙ ዓመት በፊት ነው፡፡

ስንዴውና ጨፌው

አሁን ወደ አሳሳቢው ጉዳይ እንምጣ፡፡ መንግሥት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በሰፊው የያዘው የበጋ መስኖ ስንዴ ልማት በየካቲት 2015 ዓ.ም. ስንዴ ወደ ውጭ መላክ ተጀመረ እስከመባል ደርሷል፡፡ አሃዞቹ ላይ ክርክር አለ፤ ያ የዚህ ጽሑፍ ርዕስ አይደለም፡፡ በመስኖ ማምረትን የሚቃወም ጤነኛ ሰው ይኖራል ብዬም አላምንም፡፡ ነገር ግን አንድ ቀላል የመልክዓ ምድር ሐቅ አለ፡፡ በበጋ ውኃ የሚገኘው የት ነው? ወንዝ ዳር፣ ሐይቅ ዳርና ረግረግ ላይ ነው፡፡ አንድ ወረዳ በበጋ ይህን ያህል ሔክታር አልማ ተብሎ ኮታ ሲሰጠው የወረዳው ባለሙያ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው በጋውን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ በሚቆየው መሬት ላይ ነው፡፡ ባለቤት ያለው አይመስልም፡፡ ካሳ አይጠየቅበትም፡፡ በሰነድ ላይ ጠፍ መሬት ይባላል፡፡

ጠፍ ነው ወይ? በኢሉባቦር ገበሬዎች ከመቶ ዓመት ለሚቀርብ ጊዜ የሸለቆ ረግረጎችን ከፊሉን እያጠነፈፉ በቆሎ ሲዘሩበት ኖረዋል፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2000 በዚያው አካባቢ የተካሄደ ሰፊ የምርምር ፕሮግራም ያሳየውም ይህንኑ ነው፡፡ የረግረጉ አናት ቄጠማውን እንደያዘ ሲተው፣ መሬቱም እረፍት ሲያገኝ እርሻውም ረግረጉም አብረው ይኖራሉ፡፡ ሙሉ በሙሉ ሲጠነፈፍ፣ በዓመት ሁለቴ ሲታረስና ከብት ሲለቀቅበት ግን አፈሩ ደርቆ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቄጠማም በቆሎም የማይሰጥ ይሆናል፡፡ ጨፌ የሚለው ቃል በኦሮምኛ ለምለሙን እርጥብ መስክም፣ በመስኩ ላይ የሚሰበሰበውን የሸንጎ ጉባኤም የሚያመለክተው በከንቱ አይደለም፡፡ የክልሉ ምክር ቤት ስም ሆኖ በየዕለቱ በዜና እንሰማዋለን፤ መስኩን ግን ረስተነዋል፡፡

ለከተሜው አንባቢ ደግሞ ይበልጥ የሚቀርብ ነገር አለ፡፡ ለዓመት በዓል ሳሎናችን ላይ የምንጎዘጉዘው ቄጠማ ከየት የሚመጣ ይመስለናል? ባለ ጉትቻው ሥሩን እየቆፈረ ከሚኖርባቸው ዓይነት እርጥብ መስኮች ነው፡፡ አንድ እስር ቄጠማ በየበዓሉ እየተወደደ መሄዱን ስንማረር ነጋዴዋን ከመውቀስ በፊት መስኩ ምን ሆነ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው፡፡

በሕግ ደረጃ ባዶ እጃችንን አይደለንም፡፡ የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፡፡ የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456/1997 በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አዋጅ እስኪተካ ድረስ በገጠር ረግረጎች ያለው ብዝኃ ሕይወት ተጠብቆ ተስማሚ በሆነ የመሬት አጠቃቀም ስልት ጥቅም ላይ እንዲውል ያዝ ነበር፡፡ አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የአፍሪካና የዩሮኤዥያ የስደተኛ ውኃ አዕዋፍ ስምምነት አባል ናት፡፡ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1971 በኢራን ራምሳር ከተማ ከተፈረመው የረግረጎች ስምምነት ውጭ ሆና ለአሥርት ዓመታት ቆይታለች፡፡ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ1996 ለአዕዋፍ ጠቃሚ የሆኑ 69 ቦታዎችን ለይቶ አሳትሟል፡፡ ስለዚህ የት የት ምን እንዳለ አናውቅም ማለት አንችልም፡፡ የጎደለው በአንቀጽና በሰነድ መካከል ያለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ የዝርያው ስም፡፡ ሕጉ ለመጥፋት የተጋለጠን ዝርያ የሚጠብቀው በሰነዱ ላይ ስሙ ሲጻፍ ነው፡፡ ሽመላ ተብሎ ሲጻፍ የሚጠብቀው አካል የለም፤ ምክንያቱም ሽመላ የሚባል ለመጥፋት የተጋለጠ ዝርያ የለም፡፡

በእኔ እምነት መፍትሔው የሚመስለውን ያህል ውድ አይደለም፡፡ ረግረግን የሚነካ ማንኛውም ጥናት አንዴ በበጋ፣ አንዴ ደግሞ በክረምት ማብቂያ በመስከረም አካባቢ ቦታው ላይ ሰው እንዲልክ ማድረግ አንድ ነገር ነው፡፡ በመስከረም ጫጩቱ መብረር ስለማይችል ጥንዱ ከቦታው አይርቅም፤ ቁመቱ ሰው የሚያህል ነጭ አንገት ያለው ወፍ በአረንጓዴ መስክ ላይ ከኪሎ ሜትር ርቀት በተራ መነጽር ይታያል፡፡ ባለሙያ እንኳን ባይገኝ እረኛ ልጆችን መጠየቅ ይበቃል፤ ጉትቻ ያለውንና የሌለውን ከማናችንም በተሻለ ይለያሉ፡፡ ጎጆ ከተገኘ ደግሞ ፕሮጀክቱ ይሰረዝ ማለት አይደለም፡፡ የረግረጉ አናት እንዲተው፣ ፓምፑ ከኅዳር በፊት እንዳይነሳ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ ረግረጉን አቋርጦ እንዳያልፍ ማድረግ ይቻላል፡፡ የመጨረሻውን የጠቀስኩት ክሬኖች ሲበሩ ወደ ታች ስለሚያዩ ፊት ለፊታቸው ያለውን ሽቦ ብዙ ጊዜ ስለማያዩት ነው፡፡ በደቡብ አፍሪካ ሽቦው ላይ ምልክት ማንጠልጠል የተለመደ አሠራር ሆኗል፡፡

ባሌ ላይ ያሉት በተወሰነ ደረጃ ዕድለኞች ናቸው፡፡ ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፡፡ ጣናም ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በባዮስፌር ክልልነት ተመዝግቦ ይገኛል፤ እንቦጩና የሩዝ እርሻው መስፋፋት ግን ዳርቻውን ከሁለት በኩል እየገፉት ነው፡፡ ስማቸው በየትኛውም መዝገብ ያልሰፈረ፣ አንድና ሁለት ጥንድ የሚያስተናግዱ የየወረዳው ትናንሽ ረግረጎች ግን ዕጣቸው የሚወሰነው በሦስት መስመር ጽሑፍ ነው፡፡

የወዳጄ ሰነድ በእርሱ እጅ አይደለም፤ ከፀደቀ ወራት አልፈውታል፡፡ ፓምፖቹ ግን ግዥያቸው ዘግይቶ ይህን ጽሑፍ እስከጻፍኩበት ሳምንት ድረስ ቦታው ላይ አልደረሱም፡፡ መስከረም ላይ መነጽር ይዞ እንዲሄድ ነግሬዋለሁ፡፡ መኪናው እስከ የት እንደሚገባ እየጠየቀ ነው፡፡